ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፣ የወንዝ ጥፋት ከምንጩ
(ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬዎች በንባብ ቤት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ ስለ ምንጭ ውኃ ንጽሕና ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ዓሣ እንነጋገራለን። «ደግሞ ስለ ዓሣ?» ትሉ ይሆናል። እንዴት እንደ መጣ እንንገራችሁ።

ፊደል ስንቆጥር «ዓ» ብለን «ዓሣ» የሚለውን ቃል አብረን ጽፈን ነበር። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ አንድ አባት ከኋላ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ ዓሣ የጣና ሰው ጉዳይ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። የምናውቀው ገብስና ድንች ነው» አሉን። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እኛ ዘማቾቹ ተሰብስበን ስንወያይ የአባታችን ቃል እንቅልፍ ነሣን። እውነት ዓሣ የጣና ሰው ጉዳይ ብቻ ነው ወይ? የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የጉና ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ጉናን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ጅብራና አስታ የሚበቅልበት ብርዳም ተራራ ነው። የብዙ ወንዞችም ራስ ነው።

ከጉና የሚወርደው ውኃ በሁለት ወገን ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ጉማራና ርብ የሚባሉትን ወንዞች ይሠራል። እነዚህ ወንዞች በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ በሸለቆዎቻችሁ አልፎ፣ ከፊሉ በበሽሎ በኩል፣ ከፊሉም በሌሎች ወንዞች ዓባይ ይገባል። የጣናም መውጫ ዓባይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጉና ጫፍ ላይ ቆሞ ጥርኝ ውኃ ወደ ግራ፣ ጥርኝ ውኃ ወደ ቀኝ ቢደፋ፣ ሁለቱም ዞሮ ዞሮ ዓባይ ላይ ይገናኛሉ።

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። በጣም ጥልቅ ነው በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። አንድ ረዥም ባሕር ዛፍ ቢቆምበት ጫፉ ከውኃው በላይ ይታያል። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከ4 ወንዞች ነው፤ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ። ከ4ቱ 2ቱ ከጉና እንደሚነሡ ልብ በሉ።

በጣና ውስጥ አምባዛ፣ ቆረሶና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው። ቆረሶ ሰፋ ያለ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የሆላንድና የአገራችን ተመራማሪዎች መርምረው 15 ዓይነት ለይተዋል። አንዱ አፉ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ነው። አንዱ ጭቃ ውስጥ ይለቅማል፣ ሌላው ሌላ ዓሣ አሳዶ ይበላል።

ይህ ሁሉ ዓይነት እንዴት እዚያ ተገኘ? የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከታች ያለ ዓሣ ያን ዘሎ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ሲራባ ኖረ። ከእነዚህ ከ15ቱ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከጣና ከጠፉ ጠፉ ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙ። ከነጭ ዓሦች መካከል ቢያንስ 7 ዓይነቶች ጣና ውስጥ እንቁላላቸውን አይጥሉም። ክረምቱ ሲገፋ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ሐይቁን ለቀው ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠር ያለበትና በደንብ የሚፈስ ውኃ ነው። እዚያ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጫጩቶቹም ተፈልፍለው ለጊዜው በወንዙ ጸጥ ያሉ ኩሬዎች ውስጥ ያድጋሉ። በኋላ ወደ ጣና ይወርዳሉ። እንግዲህ ዓሣው የሚኖረው ጣና ነው፤ የሚወለደው ግን ከጉና በሚወርድ ወንዝ ውስጥ ነው።

ውኃ ሲሞቅ ዓሣ ምን ይሆናል?

ዓሣም እንደኛ ይተነፍሳል። እኛ በሳንባ እንተነፍሳለን። ዓሣ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባለው ቀይ ስንጥቡ ይተነፍሳል። ውኃውን በአፉ አስገብቶ በስንጥቡ ያሳልፋል። በውኃው ውስጥ ካለው አየር ኦክሲጅን የሚባለውን ይወስዳል።

«በውኃ ውስጥ አየር አለ ወይ?» ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ በብረት ድስት ውኃ ጣዱና ተመልከቱ። ውኃው ገና ሳይፈላ፣ ለብ ሲል፣ ጥቃቅን አረፋ ከድስቱ ጎን ላይ ይለጠፋል። ያ አረፋ ውኃው ውስጥ ተደብቆ የነበረ አየር ነው። ሙቀት ሲመጣበት ለቆ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሙቅ ውኃ ጥቂት ይይዛል።

በቁጥር እንንገራችሁ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊኖር ይችላል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን ከ7 ተኩል አይበልጥም። ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ይህ በባሕር ጠረፍ ያለው ልክ ነው። እንደናንተ አገር ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ መጠኑ ከዚህም ያንሳል።

ሁለተኛው ችግር ይህ ነው። የኛ ሰውነት ብርድ ሆነ ሐሩር ሙቀቱን ጠብቆ ይኖራል። የዓሣ ሰውነት ግን ውኃው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ሰውነቱ ሲሞቅ ብዙ ምግብና ብዙ አየር ይጠይቃል። የውኃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአየር ፍላጎቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። የቤተሰቡ ቁጥር ሲበዛ ጎተራው ቢጎድል ምን ይመጣል? ረኃብ ይመጣል። ውኃ ሲሞቅ ዓሣው ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። የሚፈልገው ይበዛል፣ የሚያገኘው ያንሳል። ወዲያው ባይሞት እንኳ ይደክማል፣ ይከሳል፣ በሽታ ይቀድመዋል።

ሦስተኛው ችግር እንቁላሉ ላይ ነው። በጠጠሩ መካከል የተጣለ እንቁላልም አየር ይፈልጋል። ጎርፍ አፈር አምጥቶ ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ቅጠልና ፋንድያ ወንዙ ውስጥ ሲበሰብስም አየር ይበላል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ መበስበሱ ይፈጥናል።

ይህን ስንል ዓሣ ሁሉ እኩል ይጎዳል ማለታችን አይደለም። አምባዛ ወደ ላይ ወጥቶ ከውጭ አየር መሳብ ስለሚችል፣ ሊደርቅ በቀረበ ጭቃማ ኩሬ ውስጥ እንኳ ይቆያል። ቆረሶም ሙቀት ይችላል። በወንዝ የሚወለደው ነጭ ዓሣ ግን ንጹሕና አየር ያለው ውኃ ይሻል።

ውኃውን ምን አሞቀው?

መልሱ ሁለት ነው። አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከቅርብ የሚመጣ ነው።

ከሩቅ የሚመጣው የዓለም ሙቀት ነው። በፋብሪካና በመኪና የሚቃጠለው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ጭሱ ሰማዩን እንደ ጋቢ ሸፍኖታል። ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል። በአገራችን ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አማካይ ሙቀቱ በ1 ነጥብ 3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። «ይህች ምን አላት?» አትበሉ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለም ወይ? ይህ ሙቀት በአብዛኛው የመጣው ከሀብታሞቹ አገሮች ነው። እናንተ በማረሻና በበሬ የምትኖሩ ሰዎች አላመጣችሁትም። ጉዳቱ ግን እናንተ ጋ ይደርሳል።

ከቅርብ የሚመጣው የእኛው የራሳችን ነው። በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ስትገቡ ምን ይሰማችኋል? ገና ከቅጥሩ ስታልፉ ቀዝቀዝ ይላል። ዛፉ ስላልተቆረጠ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ያለች ምንጭ ውስጥ እጃችሁን ብትነክሩ ይበርዳል። በኋላ ሂዱና ዛፉ ባለቀበት ሜዳ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ በተኛ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ለብ ያለ ነው። ፀሐይዋ ያው ናት፤ ልዩነቱ ጥላው ነው።

ጥላው ሲጠፋ ፀሐይ በቀጥታ ውኃውን ትመታለች። ማሳው እስከ ወንዙ አፋፍ ሲታረስ አፈሩ ይናዳል፣ ደለል ይሆናል። ደለሉ ጥልቅ የነበረውን ኩሬ ይሞላዋል። ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል። በበጋ ወንዙ ሲቀጥን በሞተር እየተሳበ ይቀራል። ጫጩቶቹ ያሉበት ኩሬ ጉልበት አይደርስም። አሸዋና ጠጠር በመኪና ሲጫን ደግሞ የእንቁላሉ አልጋ አብሮ ይጫናል።

በሌላው ዓለምስ?

በሰሜን አሜሪካ ኮሎምቢያ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። እንደኛ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ ሳልሞን የሚባል ዓሣ አላቸው። በ2007 ዓ.ም. በነሱ በጋ፣ ተራራው ላይ በረዶ አንሶ ነበር፣ ሐሩሩም በረታ። ወንዙ ሞቀ። 250 ሺህ ያህል ሳልሞን እንቁላል ሳይጥል በመንገድ ላይ አለቀ። ያ አገር ገንዘብም፣ ምሁርም፣ መሣሪያም ያለው አገር ነው።

ወደኛው አህጉር ስንመጣ የታንጋኒካ ሐይቅ አለ። የላይኛው ውኃ እየሞቀ ሲሄድ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ ጋር እንደ ቀድሞው መቀላቀል አቃተው። ለዓሣ ምግብ የሚሆነው ከታች ስለሚመጣ ምግቡ አነሰ። ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የዓሣው ምርት በ30 በመቶ ያህል ሳይቀንስ እንዳልቀረ ገምተዋል።

አንድ ሌላ ሐይቅ ደግሞ በፊሊፒንስ አገር አለ። ስሙ ላናኦ ነው። በውስጡ እንደ ጣና ነጭ ዓሣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች ነበሩ። ሰው ከሌላ አገር ዓሣ አምጥቶ ጨመረበት፤ ያለ ልክም ተጠመደ። በ2013 ዓ.ም. ከእነዚያ ዓሦች 15ቱ ፈጽመው እንደጠፉ ተመዘገበ። ላናኦን ያጠፋው ሙቀት አልነበረም፤ የሰው እጅ ነበር። አሁን እንደዚያ ያለ የዓሣ ወገን በብዛት የቀረበት ሐይቅ ጣና ነው።

መረብና ብርብራ

እውነቱን ለመናገር የጣናን ነጭ ዓሣ ቀድሞ የመታው ሙቀት አይደለም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ገባ። ከዚያ በፊት የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። ብዙ አጥማጆች ዓሣው ለመራባት ሲሰበሰብ፣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው መጠበቅ ጀመሩ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት 10 ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በ4 እጅ ቢከፈል 3 እጁ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እርጉዝ ላም እያረዱ መንጋ ይበዛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሌላው ብርብራ ነው። በወይና ደጋና በቆላ በኩል ያላችሁ ብርብራን ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና በሆዱ ይንሳፈፋል። ከኛ ከዘማቾቹም በልጅነቱ ይህን ያደረገ አለ። ያኔ ጨዋታ መስሎት ነበር። ብርብራ ውስጥ ያለው መርዝ የዓሣው ሰውነት ኦክሲጅን እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብሮ ያልቃል። አንድ ድስት ዓሣ ለማግኘት የአንድ ዓመት ጫጩት ይጠፋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ብርብራ ራሱ ለወንዝ ዳር ጥሩ ጥላ የሚሰጥ የአገራችን ዛፍ መሆኑ ነው። ዛፉ ዓሣውን ያኖራል፤ በሰው እጅ ፍሬው ዓሣውን ይገድላል።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥቷል። ጣናና አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሚባለው የዓለም ድርጅት ጥብቅ የሕይወት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ወንዝ ዳር ያለው ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኛ መሬት የለንም። ወንዝ ዳር ያለችውን ሁለት ክንድ መሬት ተዉ ማለት ለኛ ቀላል ነው። ለናንተ ግን ያቺ ሁለት ክንድ የልጅ ቀለብ ናት። ይህን እናውቃለን። ስለዚህ የምንለውን መዝናችሁ፣ የሚጠቅመውን ያዙ።

አንደኛ፣ ማሳውን እስከ አፋፉ አትረሱት። ያን ጠርዝ ዛሬም ቢሆን ሙላት እየወሰደው አይደለም ወይ? ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ለከርሞ አንድ ክንድ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ደሾ ሣር ወይም የዝሆኔ ሣር ብትተክሉ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ሣሩም እየታጨደ ለከብት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ወንዝና ምንጭ ዳር የአገር ዛፍ ትከሉ። እንደ አካባቢው ዋንዛ፣ ሾላ፣ ዶቅማ፣ አኻያ ይሆናል። በብርዳማው ደጋ ኮሶና አስታ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ለቤትና ለገበያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ውኃ በጣም ስለሚጠጣ ከምንጭ ይራቅ።

ሦስተኛ፣ እርከን ሥሩ፣ የተራቆተውን ጋራ ከከብት ከልሉ። በጋራው ላይ የሰረገ ዝናብ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከመሬት ሥር የሚወጣ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ለወንዙም ሕይወት ይሆነዋል።

አራተኛ፣ በመስኖ ጊዜ ወንዙን አታንጠፍጥፉት። የውኃ አባት ያላችሁ መንደሮች ተራ እንደምታወጡ ሁሉ፣ «ይህ ኩሬ አይነካም» ብላችሁ አንድ ሁለት ጥልቅ ኩሬዎች ለይታችሁ ተዉ። በድርቅ ዓመት ለከብቶቻችሁም መዳኛ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ብርብራ በወንዝ ውስጥ እንዳይበተን በሽማግሌ ተማከሩ። ልጆቻችሁንም ምከሩ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ አሳልፉት። በፎገራና በደራ በኩል ዘመድ ያላችሁም ይህንኑ ንገሯቸው። የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋ ሰው የነገ መረቡን ባዶ ያደርጋል።

ከእነዚህ 5 ነገሮች ውስጥ ለዓሣ ብቻ የሚጠቅመው ስንቱ ነው? ቁጠሩት። አፈራችሁ ይቀራል፣ ምንጫችሁ አይደርቅም፣ ከብታችሁ ሣር ያገኛል፣ ሴቶች ውኃ ለመቅዳት ሩቅ አይሄዱም። ለዓሣ የሚበጀው ውኃ ለሰውም የሚበጅ ነው። ጉናን ያሞቀው ሰማይ በኛ ብቻ አይመለስም። የወንዙ ጥላ ግን በእጃችን ነው።

አባቶቻችን «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ። ወንዝም እንደዚያው ነው። አናቱ ላይ የተበላሸ ወንዝ እግሩ ላይ አይድንም። የጉማራና የርብ አናት የት ነው? ጉና ነው። በጉና ዙሪያ ያላችሁት ማን ናችሁ? እናንተ ናችሁ።

ያ የጠየቁን አባት ዛሬም እዚያው ከኋላ ተቀምጠዋል። አባታችን፣ እውነትዎን ነው፤ ዓሣ ገበያ የሚያወጣው የጣና ሰው ነው። ዓሣው የሚወለድበት ውኃ ግን መጀመሪያ በእርስዎና በጎረቤቶችዎ ማሳ አጠገብ ያልፋል። ታች ያለው ሰው የማይደርስበትን እርስዎ ይደርሱበታል። ስለዚህ ቃሉን ከሰሌዳው ላይ አላጠፋነውም። «ዓሣ» እንዲል ትተነዋል።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከጉና የሚወርደው ውኃ በስንት ወገን ይከፈላል? በመንደራችሁ የሚያልፈው ወንዝ ወዴት ይሄዳል?
2. ውኃ ሲሞቅ ዓሣ የሚቸገረው ለምንድን ነው?
3. በልጅነታችሁ ጥላና ጥልቅ ኩሬ የነበረው፣ ዛሬ ግን የሌለው የወንዝ ቦታ የትኛው ነው? ምን አጠፋው?
4. ከ5ቱ ምክሮች ውስጥ ዘንድሮ ልትጀምሩት የምትችሉት የትኛው ነው? የማይቻለውስ? ምክንያቱን ጻፉ።